የሰው በላዋ ጥፍሮች

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው መጋቢው ነው። ጎህ ሲቀድ እንደ ወትሮው የዓሣ ጭንቅላት የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ኤሊዋ ቤት ቢመጣ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው። ገፋ አድርጎ ገባ። የቦታው ጌታ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ባለ ኩሬው» የሚለው ሰውዬ፣ ገንዳው ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ ኮቱ ጀርባው ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይንሳፈፋል። መጋቢው ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው እንጂ አልጣለውም። በኋላ ይህችም ተቆጠረችበት፤ «የደነገጠ ሰው የያዘውን ይለቃል» ተባለ። እሱ ግን የፈሰሰ የዓሣ ጭንቅላት ማን ሊያጥብ ነው እያለ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ከልቡ ቀድሞ አሰበለት።

ቦታው የዓሣ ማርቢያ ነው። መሬት ተቆፍሮ የተሠሩ ጭቃማ ኩሬዎች አሉ፤ በመካከላቸው የውኃ ቦዮች ያልፋሉ። በአንዱ ጥግ መረብ የሚሠራበትና የሚጠገንበት የቆርቆሮ ዳስ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ለብቻው በግንብ የታጠረ የኤሊዋ ቤት አለ። ዓሣው ለገበያ ነው፤ ኤሊዋ ለዓይን። ሰው ልጆቹን ይዞ ሊያያት ይመጣል። በግቢው መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሠዓሊው አፏን የከፈተች ኤሊ ሥሎበታል፤ ጀርባዋ የድንጋይ ካብ ይመስላል፣ ጥርሶቿ እንደ መጋዝ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ እጇ አምስት ጥፍር አለው። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ሰው በላዋ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ የወጣላት ከዓመታት በፊት የቦይ ጠራጊው ሞቶ በተገኘ ጊዜ ነው። ያኔ ባለ ኩሬው «ኤሊዋ በእግሩ ጎትታ አስቀረችው» አለ፤ ሰውም አመነ። ሰሌዳው የተሣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ፀሐይዋ ጠንከር ሳትል መርማሪዋ ደረሰች። በመሥሪያ ቤቷ «ዝግታ» ይሏታል። ስትራመድ ዝግ ትላለች፣ ስትጠይቅ ዝግ ትላለች፤ ተጠያቂው ዝምታው ጨንቆት ያልጠየቀችውን ሁሉ ይነግራታል። ቀድሟት የመጣው አስር አለቃ በር ላይ ጠበቃት።

«አለቃ፣ ይኼ ነገር አልቆለታል» አላት። «ገዳይዋ እዚያው ውስጥ ናት። እኛ የቀረን በሩን ክፍት የተወውን መጋቢ መያዝ ነው። ይዤዋለሁ፤ ቀለብ ማስቀመጫው ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«ገዳይዋ ምን ትላለች?»

«አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ተኝታለች።»

«ሰው ገድላ ሳትበላው ተኛች?»

አስር አለቃው ሊስቅ አለና የፊቷን ነገር አይቶ ተወው።

ሬሳውን አውጥተው ገንዳው ዳር አጋድመውታል። መርማሪዋ ተንበረከከች። በግራ ክንዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በትከሻው ላይ አምስት ጭረቶች ወርደዋል፤ አንዱ ከሌላው አይስተካከልም፣ ሁለቱማ ታች ሲደርሱ ተቋርጠዋል። ሁለቱም ቦታ ደም የሚባል የለም። ከጆሮው ኋላ፣ ከአንገቱ በላይ፣ ቆዳው ላይ የፈዘዘ የአራት ማዕዘን መስመር መስመር ነገር ታየ። ጣቷን ሳታስነካው በላዩ አሳለፈች።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «የሞተው ውኃ ገብቶበት ነው። ቁስሉ ነፍስ ከወጣ በኋላ የሆነ ነው» አላት።

«ኤሊዋ ሬሳውን ነክሳው ይሆናላ» አለ አስር አለቃው።

«ይሆናል» አለች መርማሪዋ፤ ነገር ግን አላመነችም።

የሟች ታናሽ ወንድም በዚህ መሀል ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከለቅሶ ይሁን ከንዴት አይለይም።

«ከቀብር መልስ ትታረዳለች» አለ ገንዳውን እያየ። «ሰው አስጠርቻለሁ፤ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል። ወንድሜን በልታ እዚህ አሸዋ ላይ አትንፈላሰስም።»

«እኔ ሳልጨርስ ማንም አይነካትም» አለች መርማሪዋ።

«እስኪመሽ ይጨርሱ። ከመሸ በኋላ ግን ማንንም አልሰማም።»

ከቀለብ ማስቀመጫው ውስጥ የመጋቢው ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ስለ እግዜር፣ እኔን እሰሩኝ፤ እሷን ተዉአት። ዕቃ አደረጋችኋት እንጂ ምን አጠፋች?»

«አንተ ዝም በል። ትናንት ወንድሜን ምን እንዳልከው ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

እውነትም ሰምቷል። ባለ ኩሬው ኤሊዋን ለሆቴል ሊሰጣት ነው ሲባል መጋቢው «እሷን ከነካህ እኔን ቀብረህ ነው» ብሎ ነበር። በአፍ ለአፍ ሲዞር ነገሩ «እቀብርሃለሁ» ሆኖ አደረ።

መርማሪዋ የሟችን ሚስት ከመኖሪያው ቤት በረንዳ ላይ አገኘቻት። ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ደረቅ ነው።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች መርማሪዋ።

«አሜን። ለዚያ ሰውዬ የሚያለቅስ ካገኙ ይጥሩኝ፤ መጥቼ አያለሁ።»

«ይጠሉት ነበር?»

«መጥላት እንኳ ደክሞኝ ነበር።»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ነው የቀሰቀሰኝ። ጠንካራ ነገር ግንብ ሲመታ። ከኤሊዋ ቤት ነው። ከዚያ ዝም አለ። እሱ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ገንዳው ዳር ተቀምጦ ሲጋራውን ያጨሳል፤ አልገረመኝም።»

«ቅርፊቷ ነዋ» አለ አስር አለቃው ከኋላ። «ሲታገሉ ከግንቡ ጋር እየተጋጨ።»

መርማሪዋ የሴትየዋን ክንድ አየች። ነጠላዋ ሸርተት ሲል ከክርኗ በታች ሦስት ረጃጅም ጠባሳዎች ታዩ፤ ጎን ለጎን፣ በመሥመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ።

«ይኼስ?»

«ሙሽራ ሆኜ እንደመጣሁ ነው። ኤሊዋን በሸራ ተሸክመው ሲያዛውሩ ‹አንቺም ያዢ› አለኝ። ቧጠጠችኝ። እሱ እየሳቀ ‹ቤተሰብ ሆንሽ› አለኝ።» ነጠላዋን መለሰችው።

ከእሷ ቀጥሎ ታናሽ ወንድሙን ቢሮው ውስጥ አነጋገረችው። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ የወንድሙ ወንበር ነው።

«ቦታው አሁን ለማን ይሆናል?»

«ለኔና ለሚስቱ። እኔ ነኝ የገደልኩት ለማለት ከፈለጉ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ።»

«የቀኝ እጅዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ዘረጋላት። ትንሿ ጣት ከመሀሏ ጀምሮ የለችም። ጫፏ ድፍን ነው፤ በምላጭ የተቆረጠ እንጂ የተነጨ አይመስልም።

«እሷው ናት» አለ። «ዓሣ በእጄ ሳበላት። ኤሊ ዝግ ያለች ናት ያለው ማን ይሆን? አንገቷ ሲወረወር አላየሁትም። ሐኪሙ ‹በምን ቢላዋ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።» ደግሞ ወዲያው፣ «ያኔ ማረድ ነበረብን» አለ።

«ያኔ ለምን አላረዳችኋትም?»

«ወንድሜ አይሆንም አለ። ሰው የሚመጣው እሷን ሊያይ ነው።»

መርማሪዋ ወደ መረብ ዳሱ ወረደች። መረብ ሠሪዋ ጉልበቷ ላይ መረብ ዘርግታ፣ ወስፌዋን እያስገባች እያወጣች ትሠራለች። ቀጭን ናት፤ ጣቶቿ ግን ወፍራምና ጠንካራ ናቸው። ቀና አላለችም። ከጀርባዋ በእንጨት ላይ መወርወሪያ መረቦች ተሰቅለዋል፤ ጠርዛቸው ላይ መረቡን ወደ ውኃ የሚያሰምጡት የእርሳስ ክብደቶች ተንጠልጥለዋል።

«አረፍ ይበሉ» አለች መረብ ሠሪዋ። «በርጩማው ንጹሕ ነው።»

መርማሪዋ አልተቀመጠችም። በመረቦቹ መካከል እየተመላለሰች ጠርዛቸውን በጣቷ ትዳስሳለች። የነካቻቸው ሁሉ ደርቀዋል፤ ጥቁር የኩሬ ጭቃ ጠርዛቸው ላይ ተጋግሯል። አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ረጠበና ቆመች። ጣቷን በመሐረቧ ጠረገችና መሐረቡን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ኤሊዋን አይተዋት ያውቃሉ?»

«እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህማ በደጁም አላልፍም።»

«የቦይ ጠራጊው ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ።»

«ኤሊዋን ካላዩ በምን ያውቋታል?»

መረብ ሠሪዋ በአገጯ ወደ ግቢው መግቢያ አመለከተች። «በሥሯ እየገባሁ በሥሯ እወጣለሁ። ጠዋት ስገባ ባሌን ትበላዋለች፤ ማታ ስወጣም ትበላዋለች።»

«ያኔ መርማሪ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።»

«ሬሳውን አላየም?»

«ሸፍነንለት ነበር» አለች። ወስፌዋ ግን አልቆመችም። «ገልጡልኝ አላለም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ኤሊዋ ቤት አስጠራች። ሚስቲቱ በር አጠገብ ቆመች። ታናሽ ወንድሙ ከጠራው ሰውዬ ጋር መጣ፤ ሰውየው መጥረቢያውን ከእግሩ ሥር አስቀምጧል። መረብ ሠሪዋ ከሁሉ ኋላ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ገንዳውን ሳታይ ቆመች። መጋቢውን አስር አለቃው ክንዱን ይዞ አመጣው።

«ልቀቀው» አለች መርማሪዋ። «ኤሊዋን እንዲያወጣልን እፈልጋለሁ።»

መጋቢው ሸራውን ይዞ ወደ ገንዳው ገባ። ከታች ያለው ነጭ አሸዋ መጀመሪያ ምንም አይመስልም ነበር። ከዚያ አሸዋው ራሱ ተነሣ ቢባል ይቀላል። እንደ ትልቅ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆነች ፍጥረት፣ ክብደቷ የጎልማሳ ሰው የሚያህል፣ ሸራው ላይ ወጣች። ከኋላ እየገፋት ዳር ላይ አሳረፋት። ፊት ለፊት ማንም እንዳይቆም በእጁ ከለከለ።

«አስር አለቃ፣ ና ቅርፊቷን አንኳኳ» አለች መርማሪዋ። «ከኋላ በኩል።»

አስር አለቃው እጁን ጨብጦ፣ ፊቱን አዙሮ፣ መታ አደረገ። ድምፅ የለም። እጁ ሰመጥ አለ። ደግሞ መታ።

«ይኼ… ቆዳ ነው» አለ። «እንደ ረጠበ ቆዳ ነው እኮ። ጠርዙማ ይታጠፋል።»

«ይህቺ ዘር ድንጋይ አልለበሰችም» አለች መርማሪዋ። «ጀርባዋ በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ለመንሸራተት ይመቻታል። ገንዳውን ቀኑን ሙሉ ብትገጨው ቋ አይልም። እንግዲህ እመቤቲቱ ጠዋት የሰሙት ሌላ ነገር ነው። እሱን እንያዘው።»

ታናሽ ወንድሙ እጆቹን አጣጠፈ። «የተነከሰውስ? የተቧጠጠውስ?»

«እሱን እናንተው ትነግሩናላችሁ። እመቤት፣ ክንድዎን።»

ሚስቲቱ ነጠላዋን ገለጠች።

«ሦስት» አለች መርማሪዋ። «አሁን የኤሊዋን እግር እዩ። እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዘ ነው፤ የወጣው ጥፍር ግን ሦስት ብቻ ነው። በአንዱም እጇ፣ በሌላውም። በሟች ትከሻ ላይ ያሉት ጭረቶች አምስት ናቸው። ደግሞም የእመቤቲቱ ጠባሳ ጎን ለጎን ሄዷል፤ በአንድ እግር በአንዴ የተጎተተ ነውና። የሟች ጭረቶች ግን ተቋርጠዋል። አንድ በአንድ የተሠሩ ናቸው።»

ውኃው ከሸራው ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ያሳዩን።»

ታናሽ ወንድሙ እጁን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው።

«እሷ ጥርስ የላትም። ከከንፈሯ ሥር ያለው እንደ መቀስ የሚገጥም ስለታም አጥንት ነው፤ የያዘውን ቆርጦ ይወስዳል። ጣትዎን እንዳደረገው። በሟች ክንድ ላይ ያለው ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ያ የጥርስ ሥራ ነው። ወይም ጥርስ መስሎ እንዲታይ የተሠራ።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ታናሽ ወንድሙ። ድምፁ ወርዷል።

መርማሪዋ ዝግ አለች። «ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ገዳዩ ኤሊዋን ሊያሳብብባት ፈልጓል፤ ግን ምን እንደምትመስል አያውቅም። መጋቢው በየቀኑ ያበላታል፤ ቢሆን ኖሮ ሦስት ይጭር ነበር። እመቤቲቱ ሦስቱን በሥጋቸው ተሸክመዋል። እርስዎም ጥርስ እንደሌላት በጣትዎ ከፍለው ተምረዋል። ከእናንተ ከሦስታችሁ ማንም እንዲህ አይሳሳትም። አምስት ጥፍርና የመጋዝ ጥርስ ያላት ኤሊ በዚህ ግቢ አንድ ቦታ ብቻ ናት።»

አስር አለቃው ሳያውቀው ወደ መግቢያው ዞረ። «ሰሌዳው ላይ።»

«ሰሌዳው ላይ። ኤሊዋን ከሰሌዳው ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው ያደረገው።» መርማሪዋ መሐረቧን ከኪሷ አውጥታ ገለጠችው። ነጭ አሸዋ ነበረበት። «በሟች አንገት ላይ የመረብ ዓይን ታትሟል። ቋ ቋ ያለው የመወርወሪያ መረብ እርሳስ ነው፤ ሲጎተት ግንቡን የመታው። ኩሬዎቹ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ናቸው። ነጭ አሸዋ ያለው እዚህ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ አሸዋ ገና ካልደረቀ አንድ መረብ ጠርዝ ላይ ነበር። ጭረቱም ቀዳዳውም በወስፌ ተሠርቷል።»

ሁሉም ዞሩ። መረብ ሠሪዋ ከግድግዳው አልተላቀቀችም።

«ሲገቡ አላዩዋትም?» አለች መርማሪዋ።

«አሸዋ ብቻ ነበር» አለች መረብ ሠሪዋ በረጋ ድምፅ። «እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ያጨሳል። ከኋላ መረብ ጣልኩበት፤ ገመዱን ሳብኩ፤ ገፋሁት። እርሳሱ የቀረውን ሠራልኝ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ትልልቅ ዓሣ አውጥቻለሁ፤ ሰውም ሲይዙት እንደዚያው ነው፤ ይንፈራገጣል፣ ይደክመዋል።»

«አንቺ…» አለ ታናሽ ወንድሙ።

«አንተ ዝም በል፤ አንተ ታውቃለህ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተወረወረ። «ባሌን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንዲት ንክሻ አልነበረበትም። ጆሮው፣ አፍንጫው፣ የጥፍሩ ሥር ጥቁር የቦይ ጭቃ ሞልቶታል። እዚህ ነጭ አሸዋ ላይ የሞተ ሰው ጭቃውን ከየት አመጣው? ተናገርኩ። ‹ኀዘን አናግሯት ነው› አሉኝ። ከዚያ ወንድምህ ያንን ሰሌዳ አሠርቶ ሰቀለልኝ። ለጎብኚ ሲተርክ ዳሴ ድረስ ይሰማኛል፤ ባሌ እንዴት እንደጮኸ እየጮኸ ያሳያቸዋል። ልጆቹ ይስቃሉ።»

መርማሪዋ ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረች። አልጠየቀችውም፤ እንደ ልማዷ ዝም አለችው። ታናሽ ወንድሙ መጥረቢያ የያዘውን ሰውዬ አየ፣ ኤሊዋን አየ፣ የጎደለች ጣቱን አሻሸ።

«ውኃውን የከፈተው ወንድሜ ነው» አለ በመጨረሻ። «የዓሣ መኪናው መጥቶ ነበር፣ ኩሬውን አፍስሶ ዓሣውን ለመጫን ቸኩሏል። ጠራጊው ቦዩ ውስጥ እንዳለ እያወቀ። ‹ይወጣል› አለ። ሲሞት ሬሳውን አምጥተን እዚህ ከተትነው።»

«ከተትነው» አለች መርማሪዋ።

«ከተትነው» አለ።

መረብ ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች። የጠበቀችው ቃል መጣላት፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልታየም፤ የጠገበ ሰው ዝምታ እንጂ። «በኔ ባል ላይ የተናገረውን ውሸት መልሼ ለራሱ አለበስኩት» አለች። «ያኔ ሁሉም አምኗል። አሁንም ያምናሉ ብዬ ነው። እርስዎ ያኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ መረቤን ዓሣ ላይ ነበር የምጥለው።»

መርማሪዋ ወደ መረብ ሠሪዋ፣ ከዚያም ወደ ታናሽ ወንድሙ እያሳየች ለአስር አለቃው ምልክት ሰጠችው። «ሁለቱም ይሄዳሉ። የቦዩም ነገር ዛሬ ይጻፋል» አለችው። ባለ መጥረቢያው ሰውዬ የሚያርደው ነገር እንደሌለ ገብቶት መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ሚስቲቱ ተከተለችው፤ ጥቂት ቆይቶ ከግቢው መግቢያ በኩል እንጨት ሲገነጠል ተሰማ። ሰሌዳውን የምታወርደው እሷ ናት፤ ማንንም አልጠየቀች።

መጋቢው ኤሊዋን ወደ ውኃው ሊመልሳት ጎንበስ ሲል፣ «ቆይ» አለች መረብ ሠሪዋ። «አንዴ ልያት።»

አስር አለቃው መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ እሺ አለችው።

መረብ ሠሪዋ ከግድግዳው ተላቅቃ ቀረበች። ኤሊዋ አንገቷን ረዘም አድርጋ፣ እንደ ቧንቧ የሾለች አፍንጫዋን ወደ አየሩ ዘረጋች፤ ተነፈሰች። ዓይኖቿ ትንንሽ ናቸው፤ ከንፈሯ ወፍራም ነው፤ ያኮረፈች አሮጊት ትመስላለች።

«ይህቺ ናት እንዴ?» አለች መረብ ሠሪዋ። «አፍንጫዋ ያስቃል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለ መጋቢው።

ወደ እግሯ ጎንበስ አለች። በጣቷ ሳትነካ ቆጠረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በአንዱ እግር ቆጥራ ወደ ሌላው ሄደች። ኤሊዋ አልቧጠጠቻትም። መጋቢው ሸራውን ዝቅ ሲያደርገው እንስሳዋ ያለ ድምፅ ውኃው ውስጥ ገባች፤ አሸዋውን በጎኗ ገፍታ፣ እየተውዘወዘች፣ ከላይዋ አለበሰችው። አፍንጫዋ ብቻ ቀረ።

መረብ ሠሪዋ ቀና አለች። ሁለቱን እጆቿን ለአስር አለቃው ዘረጋች፤ ዓይኗ ግን አሸዋው ላይ ነበር።

«ቀደም ብዬ ገብቼ ባይሽ ኖሮ» አለቻት፣ «ሦስት ነበር የምጭረው።»